ሃምሳ አለቃ በማስታወቂያ አይቀጠርም

ጥር 2024 ላይ የብሪታንያ ባህር ኃይል ሊንክድኢን ላይ የሥራ ማስታወቂያ ለጠፈ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ግራ እንዳትጋቡ።) የተፈለገው ጸሐፊ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ አልነበረም። የሰርጓጅ መርከቦች ዳይሬክተር ነው፣ ያውም በሪር አድሚራል ማዕረግ፣ ኑክሌር ሚሳኤል የተሸከሙትን መርከቦች ጭምር የሚመለከት ቦታ። ጋዜጦቹ ተቀባበሉት። ሰው ሳቀ። የቀድሞ መኮንኖች ደግሞ አፈሩ፣ ተናደዱም።

እኔ አልሳቅኩም። የምተዳደረው ሰው በመቅጠር ስለሆነ የሥራ ማስታወቂያ ሳይ መጀመሪያ የማነበው መስፈርቱን ነው። እዚያ ላይ አንዲት መስመር አለች። አመልካቹ ወይ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ያለ፣ ወይ ቀደም ሲል በመደበኛው ጦር ያገለገለ መሆን አለበት ትላለች። ማስታወቂያው ለዓለም ሁሉ የተለጠፈ ይመስላል እንጂ ሊያመለክት የሚችለው ከዚያው ቤት የወጣ ሰው ብቻ ነው። ባህር ኃይሉ የራሱን ሰው "እባክህ ተመለስ" እያለ ነበር።

ስለ ወታደር እጥረት ሲወራ ሁልጊዜ የሚዘለለው ነገር ይህ ነው። እኔ የፋይናንስ ኃላፊ ቢለቅብኝ ማስታወቂያ አወጣለሁ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት ትንሽ ጨምሬ አስኮበልላለሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ወንበሩ ላይ ሰው ይቀመጣል። ጦር እንዲህ ማድረግ አይችልም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልምድ ያለው ሃምሳ አለቃ የሚገኝበት ገበያ የለም። የታንክ ጥገና ኃላፊው፣ የራዳር ባለሙያው፣ የሻለቃ አዛዡ፣ ሁሉም ከታች ገብቶ፣ ዓመት ቆጥሮ ነው እዚያ የሚደርሰው። ሐኪምና ጠበቃ፣ አንዳንዴም የኮምፒውተር ባለሙያ ከውጭ በማዕረግ ይገባል፣ እሱ ልዩ ነገር ነው። የቀረው በሙሉ ቤት ያፈራው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የጎደለ ምልምል የሚጎድለው ዘንድሮ ብቻ አይደለም። ከአምስት ዓመት በኋላ አስር አለቃ ሆኖ ይጎድላል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሃምሳ አለቃ ሆኖ ይጎድላል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ አዲሱ መቶ አለቃ ግራ ሲገባው ጠጋ ብሎ የሚጠይቀው አንጋፋ ወታደር ሆኖ ይጎድላል።

የአሜሪካ ምድር ጦርን እንይ። በ2022 የበጀት ዓመት 60,000 ሰው ለመመልመል አቅዶ ያገኘው 45,000 ገደማ ነው። ከአራቱ አንዱ ቀረ ማለት ነው። በ2023 ግቡን ወደ 65,000 ከፍ አደረገ፣ አሁንም 10,000 ያህል ጎደለው። በ2024 ግቡን ራሱን ወደ 55,000 ዝቅ አደረገና ሞላ ተባለ። በ2025 ደግሞ 61,000ውን ገና በሰኔ ጨረሰ፣ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ አራት ወር ገደማ ሲቀረው። እልል ተባለ፣ ችግሩ ተፈታ ተባለ። ጥሩ ዜና ነው፣ አልክድም። ግን የ2022 እና የ2023 ጉድለት የትም አልሄደም። በየዓመቱ አንድ ደረጃ እየወጣ ነው። በ2025 የገባ ልጅ በ2022 ሊገባ የነበረውን ልጅ አይተካም፣ የሦስት ዓመት ልምድ ይቀረዋልና።

ወደ ተለመደው ወቀሳ ልምጣ። "የዛሬ ልጆች አገር አይወዱም፣ ስልካቸው ላይ ተጥደው ይውላሉ።" ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አንድም ቀን መለዮ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። እስቲ የካናዳን ነገር ተመልከቱ። የመከላከያ ሚኒስትሩ በ2024 በአደባባይ እንደተናገሩት በሦስት ዓመት ውስጥ ከጦሩ የወጣው ሰው ከገባው በልጧል። የጎደለው 16,000 ገደማ ነው። ታዲያ ሰው ጠፍቶ ነው? የለም። በአንድ ዓመት ከ70,000 በላይ ሰው አመልክቶ የተቀጠረው ከ5,000 በታች ነው። በ2022 መጨረሻ ላይ ዜግነት ለሌላቸው ቋሚ ነዋሪዎችም በሩን ከፈቱ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ21,000 በላይ አመለከቱ፣ የተቀበሏቸው መቶ አይሞሉም። የደኅንነት ማጣራቱ ረጅም፣ የሕክምናው ወረፋ ረጅም፣ የወረቀቱን ነገርማ ተዉት።

ብሪታንያም ያው ናት። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ምድር ጦሩ የምልመላውን ሥራ ከግል ኩባንያ ጋር መሥራት ከጀመረ ወዲህ ከ2013 አንስቶ አንድም ዓመት ግቡን አልመታም ነበር። አንድ ልጅ ማመልከቻ ካስገባበት ቀን ጀምሮ ሥልጠና እስኪጀምር እስከ 321 ቀን ይፈጅበታል። ሦስት መቶ ሃያ አንድ ቀን! በ2017/18 ካመለከቱት ውስጥ 47 በመቶው ማንም ሳይጥላቸው በራሳቸው ፈቃድ ትተውት ሄዱ። እኔ በሥራዬ አንድን ጥሩ እጩ ትንሽ ካዘገየሁት ሌላ ቦታ ሥራ ጀምሮ አገኘዋለሁ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ዓመት ሙሉ "ይደወልልሃል" ተብሎ አይቀመጥም። የቤት ኪራይ አለ፣ ፍቅረኛ አለ፣ "እስከዚያው" ብሎ የያዘው ሥራ ላይ እድገት ያገኛል፣ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ቢጮህም አያነሳም። አገር ስላልወደደ አይደለም። ሰልችቶት ነው። በ2024 የመጣው አዲስ መንግሥት በ10 ቀን ውስጥ በቅድመ ሁኔታ ተቀብለንሃል የሚል ደብዳቤ፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ሥልጠና የሚጀመርበትን ቀን እንሰጣለን ብሎ ቃል ገባ። ይህን ለማሰብ ስንት ዓመት ፈጀ ያሰኛል።

መስፈርቱም ሌላ ጣጣ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2020 ባደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 24 ከሆኑት ወጣቶች ያለ ልዩ ፈቃድ ለመግባት የሚበቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ውፍረት፣ ዕፅ፣ የጤና እክል፣ የአእምሮ ጤና፣ የወንጀል መዝገብ፣ የፈተና ውጤት። ብዙዎቹ ደግሞ በአንድ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ምክንያት ነው የሚወድቁት። በዚያ ላይ "የመግባት ሐሳብ አለኝ" የሚለው ከአሥር አንድ አይሞላም። ምስኪኑ መልማይ ይህንን ሁለቱንም የሚያሟላ ልጅ ፍለጋ ነው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞረው።

በ2022 ሥራ የጀመረው አዲሱ የሕክምና መረጃ ሥርዓት ደግሞ ነገሩን አጠበቀው። ድሮ ልጁ በሕፃንነቱ አስም እንደነበረበት፣ ወይም አሥራ አራት ዓመቱ ላይ ለጥቂት ወራት የድብርት መድኃኒት እንደወሰደ አይናገርም፣ መልማዩም አጥብቆ አይጠይቅም፣ በዝምታ ያልፋል። አሁን ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ከዚያ ተጨማሪ ምርመራ፣ ተጨማሪ ደብዳቤ፣ ተጨማሪ ወራት። ድሮ በዝምታ ካለፉት መካከል ስንቱ ሙሉ ዘመኑን አገልግሎ በክብር ጡረታ ወጥቷል መሰላችሁ! እዚህ ላይ እኔ ከመልማዮቹ ጋር ነኝ። መስፈርቱ የተጻፈው ሰው የሚደብቅበት ዘመን ላይ ነው። መደበቅ ሲቀር መስፈርቱም እንደገና መታየት ነበረበት።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1899 ብሪታንያ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዋጋችው የቦር ጦርነት ሲጀመር እንግሊዝ ውስጥ ማንቸስተር ከተማ ላይ ለመዝመት ከተሰለፉት 11,000 ያህል ወንዶች 8,000ው ለውትድርና አይበቁም ተብለው ተመለሱ። ያን ጊዜ ችግሩ ውፍረት ሳይሆን ረሃብ ነበር። መንግሥት ደነገጠ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በ1906 የትምህርት ቤት ምገባ ሕግ ወጣ። አሜሪካም በ1946 የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ስታወጣ ሕጉ ራሱ "የብሔራዊ ደኅንነት እርምጃ" ነው ይላል። ሕፃናቱ ምሳ ያገኙት ስለራባቸው ሳይሆን ወታደር ስለጠፋ ነው ብል ትንሽ ክፉ እሆናለሁ፣ ግን ከእውነቱ ብዙ አልርቅም።

መስፈርቱ ሲጠብቅ የሚታሰቡት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንዱ ዝቅ ማድረግ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1966 ጀምሮ፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ማክናማራ ቀድሞ በፈተና ይወድቁ የነበሩ ሰዎች እንዲገቡ አደረጉ። "ፕሮጀክት 100,000" ይባላል፣ እስኪቋረጥ ድረስ ግን ከ300,000 በላይ ሰው ገብቶበታል። ልዩ ትምህርት ይሰጣቸዋል የተባለው አብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ። ብዙዎቹ እግረኛ ሆነው ወደ ግንባር ሄዱ፣ የሞታቸውም መጠን ከሌሎቹ የከፋ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ሁለተኛው መንገድ መስፈርቱን ሳይነኩ ልጁን ወደ መስፈርቱ ማምጣት ነው። ነሐሴ 2022 ሳውዝ ካሮላይና፣ ፎርት ጃክሰን ላይ የተከፈተው የመሰናዶ ኮርስ እንዲህ ነው። በውፍረት ወይም በፈተና ለጥቂት የወደቀ ልጅ እስከ 90 ቀን ይቆያል። ይሮጣል፣ ይማራል፣ ደግሞ ይፈተናል። ካለፈ ወደ መደበኛው ሥልጠና ይገባል። ምድር ጦሩ በ2024 ግቡን ሲመታ ከምልምሎቹ ሩቡ ያህል በዚህ በኩል ያለፉ ነበሩ። ከሰማኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ ልቤ የሚወደው ይህንን ነው። ልጁን "አትበቃም፣ ሂድ" ከማለት "ና፣ እናብቃህ" ማለት። ብዙ ቀጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ቢማር ደስ ይለኝ ነበር፣ የራሴንም ጨምሮ።

የሥራ ገበያው ጉዳይ ግልጽ ስለሆነ አልቆይበትም። ሥራ ሲጠፋ ሰው ወደ ጦር ይሄዳል። በ2009 ኢኮኖሚው በወደቀበት ዓመት የአሜሪካ ጦር ቅርንጫፎች በሙሉ ግባቸውን መቱ፣ በ1973 የግዴታ ውትድርና ከቀረ ወዲህ እንደዚያ ያለ የምልመላ ዓመት አልነበረም። በ2022 ሥራ አጥነቱ ወደ 3.6 በመቶ ወርዶ ነበር፣ ውጤቱን ከላይ አይታችኋል። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው። አመልካች ሞልቷል። በ2022 መንግሥት ወታደሩን ለአራት ዓመት ብቻ ቀጥሮ ከአራቱ አንዱን ብቻ የሚያስቀርበት አዲስ አሠራር ሲያወጣ ወጣቱ በቁጣ አደባባይ ወጣ፣ ባቡሮች ተቃጠሉ። ልጆቹ የጠየቁት ውትድርና ይቅርልን ሳይሆን ቋሚ ይሁንልን ነው።

ከገበያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቤተሰብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከአምስት ምልምሎች አራቱ ገደማ ዘመዳቸው ያገለገለ ነው። አባት፣ አጎት፣ እህት። ውትድርና እንደ ቤተሰብ ሙያ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ለጦሩ ምቹ ነበር፣ መልማዩ ሳይደክም ልጁ ቤቱ ውስጥ ተመልምሎ ያድጋል። ግን አባትየው ከአፍጋኒስታን የተመለሰ እንደሆነና ነሐሴ 2021 ላይ ካቡል እንዴት እንደተለቀቀች በቴሌቪዥን ካየ በኋላ፣ ጉልበቱ የታመመ፣ እንቅልፉ የተረበሸ፣ የሕክምና ቀጠሮ ጠብቆ የመረረው ሰው ከሆነ፣ ልጁ "ልግባ ወይ?" ሲለው ምን ይላል? እዚያች ጥያቄ ላይ ምንም ዓይነት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይገባም። ጦሩ ምርጡ መልማዩ የራሱ ጡረተኛ መሆኑን እያወቀ ጡረተኛውን እንዲህ ማጉላላቱ አይገባኝም።

ጃፓን ላይ ደግሞ በ2022 አንዲት ወጣት የቀድሞ ወታደር በባልደረቦቿ የደረሰባትን ወሲባዊ ጥቃት በስሟና በፊቷ ወጥታ ተናገረች። በ2023 መጨረሻ ሦስት የቀድሞ ወታደሮች ተፈረደባቸው። የአገሪቱ የራስ መከላከያ ኃይል በዚያ በጀት ዓመት መመልመል ከፈለገው ያገኘው ግማሽ ያህሉን ነው፣ 51 በመቶ። የልጅ ቁጥር ማነሱም፣ የግል ኩባንያዎች ደመወዝም አለበት፣ ሁሉንም በእሷ ጉዳይ ላይ አልጭንም። የመግቢያ ዕድሜውን በ2018 ከ26 ወደ 32 ከፍ ማድረጋቸውም አላዳናቸውም። ግን ሴት ልጅ ያለው ወላጅ ያንን ዜና ሰምቶ ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም።

የደቡብ ኮሪያው ነገር ለየት ይላል። እዚያ ውትድርና ግዴታ ነው፣ ስለዚህ መልማይ አይለምንም። የጎደለው ልጁ ራሱ ነው፣ አልተወለደም። በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው የልጅ ቁጥር 0.72 ደርሶ ነበር። የጦሩ ብዛት በ2019 ከነበረበት 560,000 ገደማ በ2025 ወደ 450,000 ወርዷል። እዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። መንግሥት ለግዴታ ወታደሮቹ አዝኖ ደመወዛቸውን በየዓመቱ ከፍ አደረገ። በ2025 ከፍተኛው ማዕረግ ላይ ያለ የግዴታ ወታደር በወር 1.5 ሚሊዮን ዎን ይከፈለዋል። ደግ አደረጉ። ግን ዓመታት ሊያገለግል በፈቃዱ የፈረመው ጀማሪ ባለሌላ ማዕረግተኛ (ከመኮንን በታች ያለው ቋሚ ወታደር) ከዚያ ብዙም የማይበልጥ ያገኛል። ታዲያ ማን ይፈርማል? የ18 ወር ግዴታውን ጨርሶ ውልቅ ነው። የቋሚዎቹ አመልካቾች ቁጥር ወረደ። ደመወዝ የሠራ ሰው ይህንን በሽታ ያውቀዋል፣ የታችኛውን ብቻ ስትጨምር የመካከለኛው ሰው ይቀየምሃል።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚገባው ሰው ነው። የሚወጣው ግን ይብሳል።

የኒውዚላንድን ባህር ኃይል እንውሰድ። በ2022 መጨረሻ ከዘጠኝ መርከቦቹ ሦስቱ ወደብ ላይ ታስረው ቆሙ። መርከቦቹ ደህና ናቸው፣ የጠፋው የሚነዳቸው ሰው ነው። ለምን ለቀቁ? ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲህ ነው። በኮቪድ ጊዜ ወታደሩ ከ2020 እስከ 2022 ድረስ ከውጭ የሚገቡ መንገደኞች የሚቆዩባቸውን ሆቴሎች እንዲጠብቅ ተመደበ። ባህር ልወጣ ብሎ የገባ መካኒክ ሆቴል በር ላይ ቆሞ ጭምብል አድርጉ ይላል። ሥልጠናው ተቋረጠ፣ ቤተሰቡን አላየም፣ ውጭ ያለው ኩባንያ ደግሞ ለዚያው ሙያ የተሻለ ይከፍላል። ሄደ። ማን ይፈርድበታል?

የሄደው ሰው ሥራ አብሮት አይሄድም። ለቀረው ይከመራል። በ2017 የአሜሪካ ባህር ኃይል ሁለት መርከቦች ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጩ፣ ፊትዝጀራልድ በሰኔ፣ ጆን ኤስ ማኬይን በነሐሴ። በመጀመሪያው ሰባት፣ በሁለተኛው አሥር መርከበኞች ሞቱ። ምርመራዎቹ ድካምን፣ የሥልጠና ጉድለትንና የሰው እጥረትን ደጋግመው አነሱ። በሳምንት ከ100 ሰዓት በላይ የሚሠሩ መርከበኞች እንደነበሩ በይፋ ተጽፏል። ከሳምንቱ ሰዓት ስንት ለእንቅልፍ እንደሚተርፍ አስሉት። ወረቀት ላይ "እጥረት" የሚባለው መርከብ ላይ ሲደርስ እንዲህ ነው የሚመስለው። ሁለት ሰው ሲለቅ ሦስተኛው የሁለቱን ይሠራል፣ ይደክማል፣ ሚስቱ ታኮርፋለች፣ ውሉ ሲያልቅ እሱም አይፈርምም፣ ከዚያ አራተኛው ላይ ይወድቃል። የብሪታንያ ፓርላማ የመከላከያ ኮሚቴ በ2024 መጀመሪያ እንዳለው ስምንት ሰው ሲወጣ የሚገባው አምስት ነበር።

ለምን እንደሚወጡ ስትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ ጦርነት አይደለም፣ ቤት ነው። ሚስት ወይም ባል በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ሥራ ትቶ መከተል አለበት። የአሜሪካ ወታደር የትዳር አጋሮች ሥራ አጥነት ለዓመታት ከአምስት አንድ ገደማ ላይ ነው የቆየው። ልጆች ትምህርት ቤት ሲቀይሩ ያድጋሉ። ብሪታንያ በ1996 የወታደር ቤተሰብ መኖሪያዎቿን ለግል ኩባንያ ሸጠች፣ መልሳ ተከራየቻቸው፣ እርጥበትና ሻጋታ የወታደር ቤተሰብ የዘወትር ስሞታ ሆነ፣ ጥር 2025 ላይ ከ36,000 በላይ ቤቶችን በ6 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ መልሳ ገዛች። ሻጋታ ያለበት መኝታ ቤት ውስጥ ልጁ የምታስል ወታደር "አገርህ ትፈልግሃለች" የሚለውን ፖስተር በምን ዓይነት ዓይን እንደሚያየው እናንተው አስቡት።

"ታዲያ ግዴታ ይደረግ!" የሚል አይጠፋም። አውሮፓም ወደዚያው እየሄደች ነው። ሊቱዌኒያ በ2015 መለሰችው፣ ስዊድን በ2010 አቁማ በ2017 እንዲመለስ ወሰነች፣ ላትቪያ በ2023፣ ዴንማርክ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ሴቶችንም አስገባች። ጀርመን በ2011 አቁማ ነበር። ጦሯን ወደ 203,000 ለማድረስ ስትል ቀኑን ስታራዝም ኖራ፣ 180,000 አካባቢ ላይ ቆማ፣ አሁን በ2035 የ260,000 ግብ ይዛለች። ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ 18 ዓመት የሚሞላው ወንድ ሁሉ መጠይቅ መሙላት ግዴታው ነው፣ መግባቱ ለጊዜው በፈቃድ፣ በወር 2,600 ዩሮ ገደማ። ነገር ግን ጀርመን ውስጥ በፈቃዱ ከገባው ምልምልም በስድስት ወር ውስጥ ከአራቱ አንዱ ገደማ ትቶ ይወጣል።

የግዴታ ውትድርናን በጭፍን አልቃወምም። የስዊድን ዓይነቱ፣ ከመላው ትውልድ መርጦ ጥቂቱን ብቻ የሚወስደው፣ ብዙ ልጆች መመረጥን እንደ ክብር እንዲያዩት አድርጓል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ግዴታ የሚያመጣው ተራ ወታደር ነው። ማን ያሠለጥነዋል? ያው የጎደለው ሃምሳ አለቃ! በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ልጅ ሲመጣ አሠልጣኝ፣ ሰፈር፣ አልጋ፣ ሐኪም ይፈልጋል፣ እነዚያን አሠልጣኞች ደግሞ ከተዋጊው ክፍል ነው የምትነቅላቸው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጦሩ ቁጥሩ እየጨመረ አቅሙ ሊቀንስ ይችላል። ይህን የሚናገር ፖለቲከኛ እምብዛም አላየሁም።

ጦርነት ውስጥ ያሉትን ሁለቱን አገሮች በጥቂቱ ላንሳ። ዩክሬን የግዴታ ጥሪ ዕድሜን በ2024 ከ27 ወደ 25 አወረደች። በ2025 መጀመሪያ ከ18 እስከ 24 ላሉት በፈቃደኝነት የአንድ ዓመት ውል አቀረበች፣ ክፍያው 1 ሚሊዮን ሂሪቪኒያ። ሩሲያ በ2022 መስከረም 300,000 ሰው በትእዛዝ ጠራች፣ ብዙ ሰው ድንበር እያቋረጠ ሸሸ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ገንዘብ ዞረች። በ2024 ሐምሌ የሞስኮ ከተማ አስተዳደር ለፈራሚ የሚሰጠው የመጀመሪያ ክፍያ 1.9 ሚሊዮን ሩብል ደረሰ። ገንዘብ ሰው ያመጣል፣ መቼም አላመጣም አልልም። ግን ዛሬ ጉርሻውን ከፍ ያደረገ ነገ ዝቅ ሲያደርገው ሁሉም "ቆይ ይጨምር ይሆናል" ብሎ ይጠብቃል። ቀድሞ በትንሽ የገባውም አጠገቡ የተኛው አዲስ ልጅ ስንት እንደተከፈለው ይሰማል።

እኔ ብጠየቅ (ማንም አይጠይቀኝም) ከምልመላ ማስታወቂያው በጀት ትልቁን ቆርጬ የመጀመሪያ ውላቸው ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀራቸው ልጆች ላይ አውለው ነበር። ቀጣዩ ምደባህ የት እንዲሆን ትፈልጋለህ? ሚስትህ የት ትሠራለች? ቤቱ ምን ሆነ? አዲስ ምልምል ከማምጣትና ከማሠልጠን የሠለጠነውን ማቆየት ይረክሳል። አብራሪዎች ላይ ደግሞ ልዩነቱ አፍ ያስይዛል፣ አንድ ተዋጊ ጄት አብራሪ ብቁ ለማድረግ እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ከ5 እስከ 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃል፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ለዓመታት ወደ 2,000 አብራሪ ጎድሎት ኖሯል፣ እንዲቆዩለትም በዓመት እስከ 50,000 ዶላር ጉርሻ ይሰጣል። አየር መንገዶቹም ያንኑ ሰው ይፈልጉታል። ብዙ አብራሪዎች ደግሞ ቅር የሚላቸው ገንዘቡ ሳይሆን የወረቀት ሥራው ነው፣ ሊበር ገብቶ ሪፖርት ሲሞላ መዋል።

ስለዚህ "ግባችንን መታን" የሚል ዜና ሳይ ቀጥዬ የምፈልገው ሌላ ቁጥር ነው። ሰኔ 2025 ላይ በደስታ የተነገረላቸው 61,000 ምልምሎች አሉ አይደል? የብዙዎቹ የመጀመሪያ ውል ከ2028 ጀምሮ እያለቀ ይሄዳል። ስንቱ ሁለተኛ ውል እንደፈረመ ያን ጊዜ የሚጽፍ ጋዜጣ ካለ ላኩልኝ፣ እሱን አነባለሁ።